ለአባዬ፣ ስለ ሱቁ

አባዬ እንዴት ነህ? ስኳሩስ? ባለፈው በስልክ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ስትል ድምፅህ አላማረኝም። ይህን የወንድሜ ልጅ ታንብብልህ። አንቺ፣ መስመር ሳትዘዪ አንብቢ።

መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ አትተዉት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ እርጥብ አሸዋ ያለው ማሰሮ ውስጥ ክተቱት። እግርህንም ማታ ማታ ይዩልህ፣ አንተ ቁስል ትንቃለህ።

700 ሪያሉ ደረሰ አይደል? ለመድኃኒትና ለበሩ ነው። ስለ ባጃጁ ምንም አልልም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ሪያሉ ከእጥፍ በላይ ያወጣል፣ ግን ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም አብሮ ወጣና ቤቱ ያው እንደተገተረ ነው።

አባዬ፣ ኅዳር 2006 ትዝ ይልሃል? ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ እኔም ከቦሌ እስከ ሐይቅ ከተማ አንድ ፌስታል ይዤ መጣሁ። በር ላይ ቆመህ ነበር። ከፊቴ በፊት ፌስታሉን አየህ። «ይሄው ነው?» አልክ። እማዬ፣ አላህ ይዘንላት፣ ቡና አፍልታ አብሽሪ ስትለኝ አንተ ቀና ብለህ አላየኸኝም። ሦስት ወር ቻልኩት። ያኔ ሕጋዊው ጉዞ ታግዶ ነበርና በባቲ ወርጄ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጬ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻገርኩ፣ ከዚያም ዳግም ሳውዲ ገባሁ። ጀልባው ላይ ሰው ሁሉ ዱአ ሲያደርግ እኔ ያችን ቃልህን ነበር የማስበው። ባትላት ኖሮ እቀር ነበር? ወላሂ አላውቅም። ድሮም ክፉ ሰው አይደለህም፣ ብድር ይዞህ ነበር፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ይኸው እስካሁን አልወጣልኝም።

ለአረፋ እመጣለሁ ያልኩህ ስንት አረፋ አለፈ? ቤቱ ሲያልቅ፣ ሱቅ መክፈቻ ስይዝ እያልኩ። አሁን ወገቤ ምንጣፍ አላነሳ ብሎኛል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌለኝ ሐኪም ቤት መሄድ እፈራለሁ፣ ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛሁ እውላለሁ። እመቤቲቱ ገና አላወቀችም።

ለፖሊስ እጄን ልስጥ እያልኩ ነው። መጀመሪያ እስር አለ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያቆዩ አይታወቅም፣ ከዚያ ያሳፍራሉ። ያጠራቀምኩት የለም፣ ያለኝ ሁሉ እዚያ ግድግዳው ላይ ነው። በሩ ባይገጠምም መጋረጃ እሰቅላለሁ፣ ብቻ አንድ ክፍል ተውልኝ።

እሁድ እደውላለሁ። ስለ ሱቁ አትጠይቀኝ።