የተጠረገው ጭቃ ተመልሶ ዲች ገባ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ቀበና ወንዙ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ሰሞኑን ያየሁት ነገር ቢያናድደኝ ነው የጻፍኩላችሁ።

ሰኔ ሊገባ ሲል ልጆች መጡና የሰፈራችንን ዲች ጠረጉ፣ እውነት ለመናገር ጎበዞች ናቸው፣ በአካፋ እየዛቁ ሃይላንዱን ፌስታሉን ያረጀ ጫማ ሳይቀር አወጡት። ግን ያወጡትን ጥቁር ጭቃ እዛው ዲቹ አፋፍ ላይ ከምረውት ሄዱ፣ መኪና መጥቶ ይጭነዋል ተባለ፣ ሳምንት ብንጠብቅ መኪናው የውሃ ሽታ ሆነ። ከዛ አንድ ማታ ዝናቡ ወረደው፣ ጠዋት ስንወጣ ክምሩ የለም፣ ሙልጭ ብሎ ተመልሶ ገብቷል።

እኛ ነዋሪዎቹም ግን ጨዋ አይደለንም። አንዷ ጎረቤቴ የዘይት መጥበሻቸውን ዲች ውስጥ ሲያራግፉ "ኧረ እማማ" ብላቸው "ምን አለበት፣ ማጣሪያ ይገባ የለ" አሉኝ። ብዙ ሰው እንደሳቸው ነው የሚያስበው። የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ያለው ቤት ቆሻሻው ቃሊቲም ሆነ ሌላ ማጣሪያ ይወርዳል፣ መንገድ ዳር ያለው የዝናብ ዲች ግን ማጣሪያ የሚባል አያውቅም፣ ቀጥታ ቀበና ወንዝ፣ ከዛ ትልቁ አቃቂ፣ ከዛ አባ ሳሙኤል፣ ከዛ አዋሽ። አባ ሳሙኤልን ሄዶ ያየ ያውቀዋል፣ ድሮ መብራት የሰጠን ግድብ እምቦጭ ለብሷል። መሀል ላይ ደግሞ በዛው ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፣ ቆስጣውስ ይቀቀላል እንበል፣ ሰላጣውን ግን ጥሬውን ነው በሎሚ የምንበላው!

የባሰው ደግሞ ሌሊት ነው። ዶፍ እስኪጥል ጠብቀው የሽንት ቤት ጉድጓዳቸውን ወደ ዲች የሚለቁ አሉ፣ ለቦቴ ከፍሎ ላለማስመጠጥ፣ ጎርፍ ይወስደዋል እያሉ። ይወስደዋልማ፣ ታች ያሉት ሰዎች በር ላይ ነዋ የሚወስደው። ከኛ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ጋራዥም የተቃጠለ ዘይቱን እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዲቹ ላይ ቀስተ ደመና እናያለን።

በ2017 የወንዝ ብክለት ደንብ ወጥቷል፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም፣ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዛ ዝናብ የትኛው ደንብ አስከባሪ ቆሞ ይይዛቸዋል? ስለዚህ ለሚመለከተው አካል የምለው፣ አንደኛ የሚጭነው መኪና ሳይቆም ጠረጋ አይጀመር፣ በተዛቀ በዛው ቀን ይነሳ። ደግሞ በክረምት የመምጠጫ ቦቴ ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ ሰው ዝናብ አይጠብቅም ነበር።

ሌላው በየዲቹ አፍ "ይሄ ቀበና ወንዝ ነው የሚገባው" ተብሎ በቀለም ቢጻፍ እማማም ያነቡታል። ቀለሙን እኔ እገዛለሁ፣ ጽሁፉ የሚያምር ልጅም ሰፈር ውስጥ አለ፣ ፈቃድ ግን የት እንደሚጠየቅ የነገረኝ የለም፣ ሶስት ቢሮ ዞሬ ሶስቱም ወደ አራተኛ ላኩኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከቀበና