የኬሚስትሪ ክበብ ዘንድሮ፦ ሜርኩሪና ስቶክ

መስከረም ላይ ያወጣነው እቅድ ብዙ ነበር። ሳሙና መሥራቱ ተሳክቷል። በጥያቄና መልስ ውድድሩ ተሸንፈናል፤ ስለሱ ብዙ ባላወራ ይሻላል።

የማልረሳው ግን ኅዳር ላይ የነበረውን ሐሙስ ነው። ቴርሞሜትር ከአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰባበረ። ሜርኩሪው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። ልጆቹ ተሻምተው በጣታቸው ያሳድዱት ጀመር። ጮህኩባቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም በልጅነቴ መዳፌ ላይ እያንከባለልኩ ተጫውቼበታለሁ፤ ተው ያለኝም አልነበረም። መስኮት ከፈትን፤ ጠብታዎቹን በወረቀት ሰበሰብን፤ ስንጥቅ ውስጥ በገባው ላይ ድኝ ነሰነስን።

«ቲቸር፣ ይሄን ያህል ያስፈራል እንዴ?» አለች አንዷ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የጀርመናዊውን ኬሚስት የአልፍሬድ ስቶክን ታሪክ ይዤ ገባሁ። ልጆቹ ሰውየውን ባያውቁትም ሥራውን ለፈተና ሸምድደውታል። አይረን (III) ክሎራይድ ብለን ስንጽፍ መሀል ላይ በቅንፍ የምትገባው የሮማ ቁጥር (የብረቱ አቶም ስንት ኤሌክትሮን እንዳጣ የምትነግረን) እሱ በ1919 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያቀረባት ናት። «ስቶክ ሲስተም» የምንለው ይህን አጻጻፍ ነው።

ስቶክ በ1876 ዳንዚግ ተወለደ። በርሊን ከኬሚስቱ ኤሚል ፊሸር ዘንድ ተማረ፤ ፓሪስ ከፈረንሳዊው ኬሚስት ሞይሳን ጋር ሠራ። ከዚያ የቦሮንና የሃይድሮጅን ውህዶች ላይ ተጠመደ። ከነዚህ አንዳንዶቹ አየር ሲነካቸው በራሳቸው ይቀጣጠላሉ። ስለዚህ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዝግ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይሠራባቸው ነበር። የመክፈቻና መዝጊያዎቹን ቅባት ግን ጋዞቹ ያበላሹበታል። በቅባት ፋንታ በሜርኩሪ የሚዘጋ ቫልቭ ሠራ። መላው ግሩም ነበር። ሕመሙም ከዚያው መጣ።

ለዓመታት ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው፣ ጆሮው ሲደክም ኖረ። የስልክ ቁጥር ከማውጫ አይቶ እስኪደውል ድረስ ይጠፋበት ነበር። ሐኪሞችም መንስኤውን አላገኙትም። ሜርኩሪው የተጠረጠረው አብረውት የሚሠሩትም ሲታመሙ ነው። በ1926 ስለ ሜርኩሪ ትነት አደገኛነት ጽሑፍ አወጣ፤ የራሱንም ሕመም ሳይደብቅ ዘረዘረ። አንድ ፕሮፌሰር «ማስታወስ አቅቶኛል» ብሎ በአደባባይ ሲጽፍ ቀላል አይደለም፤ እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

የቀሩን ሦስት የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮች አሁን በብልቃጥ ታሽገው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ብልቃጡ ላይ በስቶክ ደንብ ጽፋ ለጥፋለች፦ «ሜርኩሪ (0)። አይነካም!»