ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ፦ አባቶቻችን በማን እጅ ይታከሙ፣ የትስ ያገግሙ?

ለተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮየ ፈጬ ዙሪያ የምንሠራ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ነን። ጉዳያችን ሰው ጮክ ብሎ የማያወራው ኦፕራሲዮን ነው። የፕሮስቴት (ከፊኛ በታች ያለችው የወንድ እጢ) ካንሰራቸው ወደ አጥንት የተሠራጨባቸው ወንዶች ሁለቱን የዘር ፍሬዎቻቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጣሉ። ሕክምናው በቀጠሮ የሚሰጥ ነው፤ ታካሚው መርጦና ፈርሞ የሚገባበት ነው። ስለዚህ በደንብ ለመዘጋጀት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ እንዳይባክን ነው የምንለምንዎት።

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያስፈራል። በሬ ሲኮላሽ ሰንጋ፣ በግ ሲቀጠቀጥ ሙክት ይባላል፤ ለሰው ሲሆን ግን «ስልብ» የሚለው ቃል ስድብ ነው። በዚህ የተነሣ አባወራው የሐኪሙን ምክር ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ለልጆቹ አይነግርም፣ ለባለቤቱም «ትንሽ እጢ ናት» ብሎ ያልፋል። የሚያስታምመው ሰው የተደረገለትን ካላወቀ ደግሞ ሌሊት ደም ሲፈስ ምን እንደሆነ አይገባውም። የምክር አገልግሎቱ ከታካሚው ጋር ቢያንስ አንድ ሰው አብሮ የሚሰማው ይሁን የምንለው ለዚህ ነው፤ በእርግጥ ታካሚው ራሱ ከፈቀደና የመረጠው ሰው ከሆነ።

ሕክምናው ለምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንበል። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንድ ሆርሞን፣ በቴስቶስትሮን ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቴስቶስትሮን ደግሞ ከዘር ፍሬ ይመነጫል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1941 ቻርልስ ሀጊንስና ክላረንስ ሆጅስ አሳዩ፤ ሀጊንስም በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ያንኑ ሥራ የሚሠሩ መርፌዎች አሉ፤ ለምሳሌ ጎሴሬሊን 3.6 ሚሊግራሙ በየ28 ቀኑ፣ 10.8 ሚሊግራሙ በየ12 ሳምንቱ ይሰጣል። መርፌው ጥሩ ነው፤ ሲቆም ሆርሞኑ ሊመለስ መቻሉም ለአንዳንዱ ሰው ጥቅም ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልክ ይገዛል፣ ከገበያ ሲጠፋ ሕክምናው ይቋረጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወርደው። ካንሰሩ አከርካሪውን ለተጫነበት ሰው ያ ከፍታ አደገኛ ነው። ኦፕራሲዮኑ ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ሆርሞኑ በአንድ ቀን ውስጥ ይወርዳል። ሁለቱም ምርጫዎች ከነዋጋቸው ሊነገሩት ይገባል፤ ኦፕራሲዮኑ የማይመለስ መሆኑም አብሮ ሊነገር ይገባል። የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) ቁጥር ከፍ ስላለ ብቻ ሰው ኦፕራሲዮን አይደረግም። የሽንት ኢንፌክሽንም ሆነ የሽንት መታገት ቁጥሩን ያንረዋል፤ ናሙና ተወስዶ ካንሰርነቱ መረጋገጥ አለበት። ልዩ የሚሆነው ካንሰሩ በሌላ ምርመራ ግልጽ ሆኖ እግሩ በድንገት የሰነፈ ታካሚ ነው፤ እሱ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንግባ፦ ማን ይሥራው? ይህ ረጅም ኦፕራሲዮን አይደለም። በሰለጠነ እጅ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ የዩሮሎጂ (የሽንት መስመር) ስፔሻሊስት ወይም የለመደው ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ይሠራዋል። ቀላል መምሰሉ ነው ሰዉን የሚያሳስተው። የኦፕራሲዮን ክፍል ፈቃድ የሌለው ክሊኒክ፣ የሰመመን ባለሙያ የሌለበት ክፍል፣ ማታ ስልክ የማያነሣ ሐኪም፣ እነዚህ ሦስቱ ዋጋው ቢረክስ እንኳ ታካሚውን ከበር ሊመልሱት የሚገባ ናቸው። በየጤና ጣቢያው ሪፈር የሚጽፈው ሰው በጥቁር አንበሳ፣ በጳውሎስ፣ በጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም በሌላ ሆስፒታል ይህን የሚሠራ ሐኪም በየትኛው ቀን እንዳለ፣ ተራው ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ የሚያይበት ዝርዝር ቢሮው በየወሩ ቢልክልን ታካሚው ደላላ አያስፈልገውም። የግል ተቋማትም ፈቃዳቸው ለምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሆነ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በራቸው ላይ ተጽፎ ይታይ።

ታካሚው ሐኪሙን የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎችም እኛው እናስተምር። ይህን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ማደንዘዣው ወገብ ላይ የሚወጋ ነው ወይስ የዘር ፍሬው ገመድ የሚደነዝዝበት? (ልቡ ወይም ሳንባው ለደከመ አዛውንት ሁለተኛው ይቻላል፤ ያም ቢሆን የደም ግፊትና የኦክስጅን መከታተያ ሳይኖር አይሆንም።) ፍሬው ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይስ ሽፋኑ ቀርቶ ውስጡ ብቻ? የኋለኛው የዘር ፍሬውን ከረጢት ባዶ ስለማያስመስለው ለብዙዎች ይቀልላል፤ ውስጡ ተሟጦ ካልወጣ ግን ሆርሞን የሚያመነጭ ቅሪት ይቀራል። የወጣው ወደ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ይላካል ወይ? ደም ቢፈስ በሌሊት ማን ይመጣል? ጥያቄውን በትዕግሥት የሚመልስ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ሥራውንም በትዕግሥት ይሠራል።

ችግር በብዛት የሚመጣው ከደም መፍሰስ ነው። የዘር ፍሬው በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ደም ሥሮቹም በዚያው ገመድ ውስጥ ናቸው። ገመዱ በሁለት ቦታ ታስሮ፣ አንዱ ክር በመርፌ በገመዱ ውስጥ አልፎ የተሰፋ መሆን አለበት፤ ሐኪሙ ጫፉን ሳይለቅ ደም አለመኖሩን ማየት አለበት። ያልጠበቀ ቋጠሮ ከሾለከ ጫፉ ወደ ብሽሽት ይሸሻል፤ ከውጭ ሲታይ ትንሽ እብጠት ይመስላል፣ ውስጥ ግን ደሙ ይቀጥላል። የከረጢቱ ቆዳ ልል ስለሆነ ደሙን ተጭኖ አያቆመውም። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታካሚው ሆስፒታል ሆኖ የሚታይባቸው ይሁኑ፤ ቤቱ ሩቅ የሆነ፣ ብቻውን የሚኖር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያድር ይሻላል።

ከዚያ በፊት ደግሞ ዝግጅቱ አለ። ደም ከሚያቀጥኑት መድኃኒቶች ዋርፋሪን አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ክሎፒዶግሬልም እንዲሁ ከቀናት በፊት። ነገር ግን ልቡ ላይ ስቴንት (የደም ሥር ክፍት የሚያደርግ ቱቦ) ያለው ሰው በራሱ አያቁም፣ ሐኪሙ ይወስን። ግፊቱ ከ180 በ110 በላይ ከሆነ፣ ስኳሩም ካልተስተካከለ ቀጠሮው ይተላለፍ። ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው ጠንካራ ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ውኃ ይቆማል። ፀጉሩን ቤት ውስጥ በምላጭ መላጨት ክልክል ነው፤ ምላጭ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁም ጀርም ይገባል። ካስፈለገ በሆስፒታል በመቁረጫ ይቆረጣል።

ቤት ሲመለስስ? እዚህ ላይ ነው የከተማው ዳር ኑሮ የሚመጣው። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ለ4 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሣም፤ ስለዚህ ውኃውን የሚያወጣ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይፈለግ። ለ2 ሳምንት ጠበቅ ያለ ፓንት ቀንም ሌሊትም ይደረግ፤ ሲተኛ በታጠፈ ፎጣ ከረጢቱን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየተቀመጠና እየተነሣ፣ ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት። ለሕመም ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም ክብደቱ ለቀነሰ ከዚህም ያንሳል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ። ከ48 ሰዓት በኋላ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሰ መታጠብ ይችላል፤ ለ2 ሳምንት ግን ገንዳ ውስጥ አይዘፈዘፍ። ጸበል የሚጠመቁ አባቶች ቁስሉ እስኪዘጋ በመጠጣት ይቆዩ፤ የንስሐ አባታቸው ይህን ቢነግሯቸው ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ። ቁስሉ ላይ ቅጠልም ሆነ ቅቤ አይደረግ። በባጃጅ በኮብልስቶን መንገድ መንገጫገጭም ቢቀር ጥሩ ነው፤ ለዚያም ነው የቁስል ክትትሉ በቅርብ ጤና ጣቢያ እንዲሆን የምንጠይቀው።

ከረጢቱ መቅላቱና መጥቆሩ፣ ሰማያዊው ምልክት እስከ ጭን መውረዱ ለአንድ ሁለት ሳምንት ያለ ነው። በሰዓታት ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ግን ደም ነው። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ የተከፈተ ስፌት፣ ሽንት መታገት፣ የአንድ እግር ማበጥና ትንፋሽ ማጠር በዚያው ቀን ያስኬዳሉ። ቆዳው ጠቁሮ ከሸተተና ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከሆነ፣ በተለይ የስኳር ታካሚ ከሆነ፣ ሥጋ የሚያበሰብስ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅ። ለአምቡላንስ 907 ወይም 939 ይደወል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚመጣውን ብዙዎች አይነግሩትም። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ የስሜት መውረድ፣ የጡንቻ መቅለልና የክብደት መጨመር ይኖራል፤ አጥንቱም ይሳሳል። በቀን ከምግብና ከመድኃኒት ተደምሮ ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ቢያንስ 800 አሃድ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ወተት በማይነካበት ጾም ጤፍ፣ ሰሊጥና ጎመን ይረዱታል። በየቀኑ ይራመድ። በሦስት ወር ፒኤስኤውና ቴስቶስትሮኑ ይለካ፤ ቴስቶስትሮኑ ከ50 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች መሆን አለበት። ስኳሩና ግፊቱም በየጊዜው ይታይ።

ከቢሮዎ የምንጠብቀው እንግዲህ ይህ ነው። የሐኪሞቹና የተቋማቱ ወርሃዊ ዝርዝር ይላክልን። አንድ ገጽ የመውጫ ወረቀት በሁለቱ ቋንቋዎች፣ ማንበብ ለማይችል በሥዕል ይታተም፤ በላዩም ሌሊት የሚነሣ የሆስፒታሉ ስልክ ይጻፍ። በ2ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ቁስሉን የማየት ሥራ ለጤና ጣቢያችን በደብዳቤ ይሰጠን፤ የተባባሰበትንም ያለ ተራ የሚቀበለን ክፍል ይወሰን። ጎዙንና ጓንቱን ካሟሉልን ሥራውን እኛ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮየ ፈጬ ዙሪያ የምንሠራ ነርሶችና የጤና መኮንኖች