የአውቶ ክበብ፦ ካሶኒውን ያለበስንበት ዓመት

በየስብሰባው የተባለውን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። የዘንድሮ ዋና ሥራችን ግን ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የትምህርት ቤታችን ፒካፕ ነው።

ያቺን መኪና የማያውቅ የለም። ዴስኩም፣ የመጻሕፍት ካርቶኑም፣ የስፖርት ዕቃውም የሚመላለሰው በእሷ ነው። ዕቃ ሲጎተትባት ኖሮ የካሶኒዋ ቀለም ተልጧል፤ ዝገትም ጀማምሯት ነበር። ካሶኒውን ጎማ መሰል በሆነው የፖሊዩሬቴን ሽፋን እናልብሰው ስንል፣ "ደግሞ ልጆቹን ቀለም ቀቢ ልታደርጋቸው ነው?" ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ሮለር መግፋትማ ማንም ይችላል። ሽፋኑ ከርሞ ይቆይ ወይም ይላጥ የሚለው የሚወሰነው የሽፋኑ ቆርቆሮ ሳይከፈት በፊት ነው።

ይህን የሠሩት ልጆቹ ናቸው። ቡሎኖቹን ፈቱ። ካሶኒውን በሳሙና አጠቡ፣ ቅባቱን በማስለቀቂያ ጠረጉ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉ። ከዚያ የድሮው ቀለም ማብረቅረቁን እስኪተው ድረስ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሹት። አዲሱ ሽፋን የሚይዘው ሻካራውን ነው፤ ልሙጥ ላይ ካረፈ ጠርዙ ይነሳና በጥፍር ይላጣል።

እዚህ ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ላንሳ። ስም ሲጠራ እንኳ "አቤት" ስትል የማትሰማ ናት። ሁሉም "በቃ አልቋል" ብሎ ብርጭቆ ወረቀቱን ሲጥል፣ እሷ የውሃ መርጫ ይዛ ካሶኒው ላይ ወጣች። ንጹሕ ብረት ላይ ውሃ እኩል ይነጠፋል፤ ቅባት ካለ ግን እንደ ዶቃ ይሰበሰባል። ክፍል ውስጥ በጨረፍታ ያነሳሁት ነገር ነው። ከጥግ እስከ ጥግ እየረጨች ሄደችና ስፖንዳው አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

"ቲቸር፣ እዚህ ጋ ውሃው ይሰበሰባል።"

ወንዶቹ አጉረመረሙ። "ተይው ባክሽ! ከተቀባ በኋላ ማን ያየዋል?" አላት አንዱ።

"እኔ አይቼዋለሁ" አለች። ድምጿን ያኔ ነው በደንብ የሰማሁት። ጨርቁን መጀመሪያ ያነሳው ያው ያጉረመረመው ልጅ ነበር። ቅባቱ እንደገና ተጠረገ፣ ቦታው እንደገና ታሸ፣ ውሃውም ተነጠፈ። ካሶኒው ከደረቀ በኋላ ብረቱ የወጣበት ቦታ ሁሉ ፀረ-ዝገት ተቀባ፤ ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተሸፈኑ።

ሽፋኑን ግን ልጆቹ አልቀቡትም። ይህ ሽፋን አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው። ትነቱ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ሊያስነሳም ይችላል፤ ተራ የአቧራ ማስክ ደግሞ አያስቆመውም። ትክክለኛ ፊልተር ያለው ጭንብል የነበረን እኔና የወርክሾፑ ቴክኒሻን ብቻ ነን። ጥጋጥጉንና መገጣጠሚያውን በብሩሽ፣ ሜዳውን በሮለር፣ 2 ስስ እጅ አድርገን ቀባን። ፕላስተሩንም ሽፋኑ ሳይደርቅ አነሳነው፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞት ይነሳል። ልጆቹ የደከሙበትን ሥራ ፍጻሜ ከሩቅ ቆመው አዩ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሌላው ጉዳት የተረፈው ሽፋን ነው። አንዴ ከተከፈተ የአየር እርጥበት ያደርቀዋል። የዕቃ ግምጃ ቤታችን ጣሪያ ደግሞ እንደምታውቁት ያፈሳል። ለጎን ስፖንዳዎቹ ያስቀመጥነው ግማሽ ቆርቆሮ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ጎኖቹ ያልተቀቡት ለዚህ ነው፤ "ለምን ግማሹን ተዋችሁት?" ለምትሉን።

ውስጡ ግን ይኸው ዴስክ እየተጎተተበት ነው፤ አንድም ቦታ አልተነሳም። እነዚያ ባልደረቦች አሁን የዕቃ ጋሪዎቹንም እንድናለብስላቸው ጠይቀዋል። እሺ ብለናል። የጠየቅነው ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን ፊልተር ያለው ጭንብል፣ ጓንትና የማያፈስ አንድ ቁም ሳጥን ነው። ማመልከቻው ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የወላጅ ኮሚቴ አባላት በዚያ ስታልፉ ጠይቁልን።