ትኩሳቱ እስኪነጋ አይጠብቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ልጆች የደም ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አነበብኩት። በካንሰር ሕሙማን ልጆች ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ መድኃኒቶቹ የጻፋችሁት ጥሩ ነው፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ስለሚመጡት ሳምንታት ግን አንድም መስመር የለም። እኔ የምፈራው እነዚያን ሳምንታት ነው።

ማይሎይድ የሚባለው አጣዳፊ የደም ካንሰር እንደ ሌላው ዓይነት፣ እንደ ሊምፎይዱ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት አይታከምም። በወራት ያልቃል፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ ነው። ሳይታራቢንና ዳውኖሩቢሲንን የመሳሰሉ የኬሞቴራፒ (የካንሰር ሴል ገዳይ) መድኃኒቶች በአራት ወይም በአምስት ዙር ሲሰጡ፣ መቅኒው ከካንሰሩ ጋር ጤነኛውንም ሴል ያጣል። ኢንፌክሽንን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል እስኪያንሰራራ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ቁስል ቢኖር እንኳ ላይመግል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ትኩሳቱ ብቻ ነው።

አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሦስተኛውን ዙር ጨርሳ ለጥቂት ቀናት ቤቷ ገባች። ማታ ብርድ ብርድ ሲላት ሆስፒታል መመለሱ አስጠልቷት ዝም ብላ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ተኛች። እናቷ ግንባሯን ዳስሳ ፓራሲታሞል ሰጠቻት፤ በረደላትም። ሲነጋ ከንፈሯ ገርጥቶ፣ እግሯ ቀዝቅዞ፣ የደም ግፊቷ ወርዶ አመጧት። አንቲባዮቲኩን ደረቷ ላይ በተተከለው የመድኃኒት ቱቦ ስሰጣት እናትየዋ የልጇን ጫማ ታቅፋ ቆማ ነበር። 11 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይታ ተረፈች።

እናትየዋን አልወቅስም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስንሸኛቸው የመድኃኒት ስም የሞላበት ወረቀት አስይዘን ትኩሳት እስኪነጋ እንደማይጠብቅ አጥብቀን አልነገርናቸውም።

ስለዚህ ለወላጆች ጻፉልኝ። መለኪያው 38 ዲግሪ ካሳየ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ፣ ተነሡ። ማስታገሻ ሰጥታችሁ አትጠብቁ፤ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። ሙቀቱንም በመቀመጫ አትለኩ፤ ስስ ቆዳ ከተጫረ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ሆስፒታል ስትደርሱ ወረፋ አትያዙ፤ "ልጄ ኬሞቴራፒ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት" በሉ። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መግባት አለበት።

እናንተ ታዳጊዎችም ብርድ ብርድ ሲላችሁ አትደብቁ። መመለሱ ምን ያህል እንደሚያንገሸግሻችሁ አውቃለሁ፤ አልጋችሁን የማነጥፈው እኔ ነኝ።

ከአራተኛው ዙር በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። ያቺው ልጅ ናት። "ሲስተር፣ 38 ነጥብ 2 ነው። እየመጣን ነው" አለችኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የልጆች ካንሰር ክፍል ነርስ