የመቃብር ሐውልት ጽዳት ሙያ መሆኑ ይታወቅልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የሚገኙ የመቃብር ሐውልቶችን ከሁለት ወጣቶች ጋር በማጽዳት የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አነስተኛ ሥራችን እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው፤ ከዚያም በላይ ግን ቤተሰብ ከጉሮሮው ቀንሶ ያቆመው ሐውልት በአጸዳድ ጉድለት ሲበላሽ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በተለይ በጽድ ጥላ ሥር ያሉ ሐውልቶች አረንጓዴ ሻጋታና የድንጋይ ሽበት ለብሰው፣ የጧፍ ጠብታም በፊደላቱ ውስጥ ደርቆ ይገኛል። ሙት ዓመት ሲቃረብ ወይም ዘመድ ከውጭ አገር እንደሚመጣ ሲሰማ ቤተሰቡ በጥድፊያ የሚያጸዳ ሰው ይፈልጋል፤ የተገኘውም ሰው ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ የሚታጠብበትን አሲድ ነው። አሲዱ እብነ በረድ ላይ ሲፈስ ወዲያው ነጭ አረፋ ይነሣል፤ አጠገቡ የቆሙትም ቆሻሻው እየለቀቀ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል። የሚሟሟው ግን ድንጋዩ ራሱ ነው። እብነ በረድም ሆነ የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ አሲድ ይበላዋል። ለዕለቱ ነጥቶ ቢታይም ልሙጥነቱን አጥቶ ስለሚሻክር በሚቀጥለው ክረምት ከቀድሞው ይበልጥ ቆሻሻ ይይዛል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር የፊደላቱ ጠርዝ እየሳሳ ሄዶ የሟቹን ስም ማንበብ ያስቸግራል።

በረኪናም ቢሆን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨውም ሲደርቅ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረፍረዋል። የሽቦ ብሩሽ ይቧጭራል፤ ተሰብሮ የሚቀረው ስባሪ ሽቦም ዝጎ ቡናማ እድፍ ያወጣል። በላቫጆ የምናውቀው የግፊት ውኃ ደግሞ እንደ አምቦ ድንጋይ ያለውን ውኃ የሚመጥ ድንጋይ ገጹን ይልጠዋል።

የእኛ አሠራር ትዕግሥት እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሐውልቱን አስቀድመን በንጹሕ ውኃ እናርሳለን፣ ከዚያ በለስላሳ የፕላስቲክ ብሩሽና በጥቂት ለዘብ ያለ ፈሳሽ ሳሙና ከታች ወደ ላይ እያሸን እንወጣለን፤ ከላይ ቢጀመር እድፉ በደረቁ ድንጋይ ላይ ወርዶ መስመር ያበጃልና። የጧፉን ጠብታ በቢላዋ ሳይሆን በእንጨት ስንጥቅ እናነሣለን፣ በመጨረሻም ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ እናለቀልቃለን። የተሰነጠቀ ወይም ሲነኩት እንደ ስኳር የሚረግፍ ድንጋይ ካጋጠመን ግን ሥራውን አንቀበልም፤ እንዲህ ያለው የሚያስፈልገው ጠራቢ ነው። ዋጋ የምንነግረው ሐውልቱን በዓይናችን ካየን በኋላ ሲሆን፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የተነሣውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም እንልካለን።

«በሙታን ትነግዳላችሁ» የሚሉን አልጠፉም። ቅሬታቸው ከአክብሮት የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ። ሆኖም ድንጋዩን የጠረበውም ጉድጓዱን የቆፈረውም የድካሙን ዋጋ ተቀብሏል፤ ሐውልቱን ለዓመታት ጠብቆ ማቆየትም ከዚያ የሚያንስ አገልግሎት ነው ብዬ አላምንም።

የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አሲድና የሽቦ ብሩሽ ወደ መካነ መቃብሩ እንዳይገባ ቢከለክል፣ የሚያጸዱትንም ሰዎች መዝግቦ ቢያውቃቸው ብዙ ጉዳት ይቀራል። እድሮቻችንም ለቀብር የሚያደርጉት ድጋፍ የሚያስመሰግን ነው፤ በየዓመቱ በጥቅምት ወር፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የአባሎቻቸውን ሐውልቶች በአንድነት ቢያሳጥቡ ወጪው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይቀልለታል። ሥራውን ለእኛም ሰጡ ለሌላ፣ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ፤ ከመስማማታቸው በፊት በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ይጠይቁ፣ አሲድ ከሆነም ሰውየውን አመስግነው ይመልሱት።

ከአክብሮት ጋር
የመቃብር ሐውልት ጽዳት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ