ማስታመም እንደ ሥራ ይቆጠርልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የከተማ ሴፍቲኔት ድጋፍ ሁለት መልክ አለው። መሥራት የሚችለው በጽዳትና በአረንጓዴ ልማት እየተሰማራ ይከፈለዋል፤ መሥራት ለማይችል አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። እኔና እናቴ ከሁለቱም ውጭ ነን። በምዝገባው ጊዜ «ለሥራ የደረሰች ጤነኛ ልጅ አለቻት» ተብሎ እሷ ከቀጥታ ድጋፉ ቀረች። እኔ መጥረጊያ ይዤ ልውጣ ብል ደግሞ እሷን ማን ይጠብቅልኛል?

ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጥኳት ጀርባዋ ይቆስላል፤ ሌሊትም ያው ነው። አጥሚት የማጠጣት በሻይ ማንኪያ ነው። ትን እንዳይላት በትራስ ደግፌ ቀና አደርጋትና መዋጧን ሳረጋግጥ ቀጣዩን አስከትላለሁ። አንዷ ስኒ እስክታልቅ ረፋዱ ይሄዳል። ከዚያ ገላዋ፣ አንሶላው፣ መድኃኒቱ። ይህንኑ ሥራ ሰው ቀጥረው ቢያሠሩት ደመወዝ አለው።

ቀድሞ ጫማ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለከባድ ችግር የሚፈቅደው ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፤ ያውም በዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም። እናቴ በ5 ቀን የምትነሳ አልሆነችም፤ ለቀቅሁ። የጡረታ መዋጮዬም አብሮ ቆመ። 10 ዓመት ሳላገለግል ስለወጣሁ፣ በዚሁ ከቀረሁ በእርጅናዬ ወርኃዊ አበል የለኝም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

«ለገዛ እናት ገንዘብ ይጠየቃል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። እናቴን እስትንፋሷ እስካለ አስታምማታለሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። ጎረቤቶቼም እግዜር ይስጣቸው፣ ውሃ ሲመጣ ጀሪካኔን ይሞሉልኛል። የየወሩን ዳይፐርና የቤት ኪራይ ግን እነሱም አይችሉትም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። ያን እንክብካቤ ዛሬ በየቤቱ የምንሰጠው እኛ ነን፤ አብዛኞቻችንም ሴቶች ነን። የምጠይቀው አዲስ መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አይደለም። የአልጋ ቁራኛ የምታስታምም ሰው ሰዓቷ እንደ አካባቢ ልማት ሥራ ተቆጥሮ በዚያው ሒሳብ ይከፈላት። እውነት መሆኑን ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አይተው ሊመሰክሩ ይችላሉ። በሚቀጥለው ምዝገባም ቅጹ ላይ «በቤቱ የአልጋ ቁራኛ አለ ወይ? የሚያስታምመውስ ማነው?» የሚል ጥያቄ ይጨመርልን።

አንዲት አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ